ማሞቂያን የሚያዝ ኮምፓሬተር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሕክምና ላቦራቶሪ ባክቴሪያ የሚያድግበት ኢንኩቤተር ውስጡ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ መቆየት አለበት። በቀላል ንድፍ ይህን የሚጠብቀው እንደ ኤልኤም393 ያለ ኮምፓሬተር ነው። ከቴርሚስተሩ (ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ከሚቀንሰው የሙቀት ዳሳሽ) የሚመጣውን ቮልቴጅ ከማነጻጸሪያ ቮልቴጅ ጋር ያስተያይና ማሞቂያው ይብራ ወይም ይጥፋ ይላል። ሥራው ይኸው ብቻ ነው። አብዛኛው ስሕተት የሚመጣው ከዚህ በላይ ስለሚጠበቅበት ነው።

«የሙቀት መምረጫውን ከፍ ካደረግነው ቶሎ ይሞቃል።»
አይሞቅም። ኮምፓሬተር ግማሽ ኃይል፣ ሩብ ኃይል የሚባል ነገር አያውቅም። መምረጫው 37 ላይም ሆነ 60 ላይ ቢቀመጥ፣ ቀዝቃዛው ኢንኩቤተር የሚሞቀው በዚያው ሙሉ ኃይል ነው። ልዩነቱ የሚታየው 37 ላይ ሲደርስ ነው፤ አንዱ ያቆማል፣ ሌላው ናሙናውን እስኪገድል ይቀጥላል።

«ማብሪያውና ማጥፊያው ነጥብ አንድ ከሆነ ቁጥጥሩ ይበልጥ ትክክል ይሆናል።»
ምክንያታዊ ይመስላል፤ መጨረሻው ግን የተበላ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ነው። ሁለቱ ቮልቴጆች ሲቀራረቡ የጥቂት ሚሊቮልት ረብሻ የኮምፓሬተሩን ውጤት (የሚያወጣውን ቮልቴጅ) በሰከንድ ብዙ ጊዜ ያገላብጠዋል፤ ሪሌዩ ይንጣጣል፣ መገናኛዎቹም ይቃጠላሉ። ስለዚህ ከውጤቱ ትንሽ ተቆንጥሮ ወደ አዎንታዊው መግቢያ ይመለሳል፤ ይህ ሂስተሪሲስ ይባላል። በመግቢያው ያለው ሬዚስተር 10 ኪሎ ኦም፣ በመመለሻው ያለው 1 ሜጋ ኦም ከሆነና ውጤቱ በ5 ቮልት ከተለዋወጠ፣ በማብሪያውና በማጥፊያው ነጥብ መካከል ያለው ክፍተት 50 ሚሊቮልት ያህል ነው። በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም የሆነው የተለመደው ቴርሚስተር በ37 ዲግሪ ወደ 6 ኪሎ ኦም ይወርዳል፤ ከ6 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጋር በ5 ቮልት ሲሠራ አንዱ ዲግሪ ወደ 50 ሚሊቮልት ይመጣል። ክፍተቱ አንድ ዲግሪ ሆነ ማለት ነው። ይህ ከበዛ መመለሻውን ወደ 4.7 ሜጋ ኦም ማሳደግ ወደ 0.2 ዲግሪ ያጠበዋል።

ያም ሆኖ የእውነተኛው ሙቀት መዋዠቅ ከዚህ ይሰፋል፤ ማሞቂያው ከጠፋ በኋላም ያጠራቀመውን ሙቀት ይለቃልና። በእኔ እምነት ከሬዚስተሩ ይልቅ የቴርሚስተሩ ቦታና አየሩን የሚያዘዋውረው ማራገቢያ የበለጠ ትኩረት ይገባቸዋል።

«5 ቮልቱ ከተዛነፈ ሙቀቱም ይዛነፋል።»
ቴርሚስተሩም ማነጻጸሪያውም ከአንድ ምንጭ ከተመገቡ አብረው ስለሚወጡና ስለሚወርዱ ማሞቂያው የሚበራበትና የሚጠፋበት ነጥብ አይነቃነቅም።

«ውጤቱ ላይ ቮልቴጅ ከሌለ ኮምፓሬተሩ ተበላሽቷል።»
ስንቱ ጤነኛ ኮምፓሬተር በዚህ ፍርድ ተጥሏል! የኤልኤም393 ውጤት ወደ መሬት (ወደ ዜሮ ቮልት መስመር) መሳብ እንጂ ወደ ላይ መግፋት አይችልም፤ ከአዎንታዊው መስመር ጋር የሚያያይዘው ሬዚስተር ያስፈልገዋል። የሚሸከመውም ጥቂት ሚሊአምፔር ስለሆነ ማሞቂያውን የሚያበራው በትራንዚስተርና በሪሌይ በኩል ነው።

«ዳሳሹ ከተበላሸ ማሞቂያው ራሱ ይጠፋል።»
ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። የቴርሚስተሩ ሽቦ ሲበጠስ ተቃውሞው ወሰን የለሽ ይሆናል፤ ኮምፓሬተሩ ይህን የሚያነበው እንደ ብርቱ ብርድ ነው። ስለዚህ ማሞቂያውን ያለማቋረጥ ያበራል። ኤልኤም393 በውስጡ ሁለት ኮምፓሬተሮች ስላሉት ሁለተኛው እንዲህ ያለውን ያልተለመደ ቮልቴጅ እንዲጠብቅ ማድረግ ይቻላል። የሪሌዩ መገናኛ ተጣብቆ ከቀረ ግን ሁለቱም አያድኑም። ያኔ የሚያድነው በራሱ በማሞቂያው መስመር ላይ የተቀመጠ፣ ሙቀቱ ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጥ የሙቀት ፊውዝ ነው። ፊውዙ ሲቃጠል በሽቦ ማለፍ ፈጽሞ አይገባም፤ ተመሳሳይ የዲግሪ መጠን ባለው ይተካ። የብየዳው ሙቀት አዲሱን ፊውዝ ሊያቃጥለው ስለሚችልም ሽቦዎቹን በማያያዣ ቱቦ ጨምቆ ማገናኘት ይሻላል።