በመረጃ ክስ «ወጪና ኪሳራ» ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ ከፍርድ ቤት ደጃፍ እስከ ፌስቡክ የሚደጋገም ምክር አለ። «የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰነድ ከከለከለህ ክሰስ። ጠበቃ ቅጠር። ካሸነፍክ እነሱ ይከፍሉልሃል።» ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ የአሜሪካን ሕግ ጠቅሶ ይህንኑ ጻፈ። ይህን አምኖ ላሙን ሸጦ የሚከስ ሰው አለ። ዝም ማለት አልቻልኩም።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ቁጥር 462 ላይ የክሱን ወጪ ማን፣ ምን ያህል እንደሚከፍል የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው ይላል። ያሸነፈ ያወጣውን ሁሉ ይመለስለታል አይልም። ፍርድ መጨረሻ ላይ «ወጪና ኪሳራ ግራ ቀኙ ይቻቻሉ» የሚለውን ያነበበ ያውቀዋል። ሰውየው አሸንፎም ጠበቃውን ከኪሱ ከፈለ ማለት ነው።

ጎረቤትዎ በሬዎን ተውሶ አልመልስም አለ እንበል። ነድቶ የሚያመጣ ጎረምሳ ቀጠሩ። ጎረቤቱ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ በሬው ሰነዱ፤ ጎረምሳው ጠበቃው። ወጪና ኪሳራ የሚባለው የጎረምሳው ዋጋ ነው። እርሻ ያለፈዎት ካሣ ነው፤ ከዚህ ዝርዝር አይገባም። ጎረምሳው ሒሳቡን የሚጠይቀው እርስዎን እንጂ ጎረቤትዎን አይደለም። ከተለመደው ዋጋ እጥፍ ከፍለው ከሆነ ብልጫው በእርስዎ ላይ ይቀራል። ራስዎ ነድተው ካመጡት ደግሞ የጎረምሳ ዋጋ ብለው የሚጠይቁት የለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1991 በአንድ የሲቪል መብት ጉዳይ፣ ስለ ራሱ የተከራከረ ሰው ጠበቃ ቢሆን እንኳ የጥብቅና ክፍያ አያገኝም ብሏል።

ጎረቤቱ በቀጠሮው ዋዜማ በሬውን አምጥቶ በረት ቢያስገባስ? ጭቅጭቁ ያለው እዚህ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ መጥሪያ ሲደርሰው ሰነዱን ያስረክባል፤ የሚፈረድበት ነገር አይኖርም። አስተያየት ሰጪው የጠቀሳት አሜሪካም በዚህ ብዙ ተሟግታለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ፍርድ ወይም በፍርድ ቤት የጸና ስምምነት ያላገኘ አሸናፊ አይባልም አለ። ሕግ አውጪው ምክር ቤት፣ ኮንግረሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለፌደራሉ የመረጃ ነፃነት ሕግ ለይቶ ይህን ለወጠው። ክሱ መሠረት ካለው፣ መሥሪያ ቤቱም በክሱ የተነሳ በፈቃዱ አቋሙን ከቀየረ፣ ከሳሹ እንዳሸነፈ ይቆጠራል። እንዲያም ሆኖ ሕጉ የሚለው ፍርድ ቤቱ ተመጣጣኝ ክፍያ «ሊወስን ይችላል» ነው። አስተያየት ሰጪው ይህችን ቃል ነው የዘለላት።

እኛ ጋ ሰነዱ ሲሰጥዎ «ክሴን ትቻለሁ» ብለው ብቻ አይውጡ። ወጪው እንዲታይልዎ እዚያው ያመልክቱ፤ መዝገብ ላይ ይስፈር። ከተፈቀደ በቁጥር 463 መሠረት የወጪ ዝርዝር ያቀርባሉ። የጥብቅና ውሉንና ደረሰኙን ያያይዙ። በቃል ብቻ የተስማሙበትን ክፍያ ማስረዳት በጣም ይከብዳል።

ሌላም አለ። የመረጃ ነፃነት አዋጁ ቁጥር 590/2000 መጀመሪያ የሚልክዎ ወደ ችሎት አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ለመመለስ 30 ቀን አለው። ቀጥሎ ቅሬታው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለእንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል። በዚያ ጊዜ ለአቤቱታ ማስጻፊያ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ለመመላለሻ ያወጡትን የክስ ወጪ ነው ብሎ ዳኛ ማሳመን ከባድ ነው። ክሱ ከተከፈተ በኋላ ለቀጠሮ የመጡበትን ግን ትኬቱን አይጣሉ።