የቅሌት መጽሔት ምንድን ነው? ሮበርት ሃሪሰን ሙያውን የቀሰመባቸው ዓመታት

የቅሌት መጽሔት የታዋቂ ሰዎችን የግል ሕይወት፣ በተለይም አጥብቀው የሚሸሽጉትን የፍቅር፣ የስካርና የፖሊስ መዝገብ ጉዳይ፣ ስማቸውን ጠርቶ በማተም የሚተዳደር ኅትመት ነው። ዋናው መለያው ስም መጥራቱ ነው። ከእርሱ በፊት የነበሩት የሐሜት ዓምዶች ባለጉዳዩን ብዙ ጊዜ በጥቆማ ብቻ ያነሱ ነበር፤ የፊልም መጽሔቶችም ከስቱዲዮዎቹ ፈቃድ እምብዛም አይወጡም ነበር። የዘርፉ ዋነኛ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1952 በኒው ዮርክ የተመሠረተው «ኮንፊደንሻል» ነው። አሳታሚው ሮበርት ሃሪሰን መጽሔቱን ሲጀምር ዕድሜው ሃምሳ ሊሞላ ጥቂት ዓመታት ብቻ ቀርተውት ስለነበር፣ የመጽሔቱን ባሕርይ ለመረዳት ሰውየው እስከዚያ ድረስ በማን ቤት ምን እንደተማረ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሃሪሰን በ1904 በማንሃተን፣ ከምሥራቅ አውሮፓ ከፈለሱ አይሁዳውያን ወላጆች ተወለደ። በወጣትነቱ ከሠራባቸው ቦታዎች አንዱ በርናር ማክፋደን በ1924 ያቋቋመው «ኢቭኒንግ ግራፊክ» የተባለ ታብሎይድ ጋዜጣ ነበር። ይህ ጋዜጣ ካሜራ ያልገባበትን ክስተት በፎቶግራፍ የማሳየት ዘዴ ነበረው፦ ሠራተኞቹንና ተቀጣሪ ሞዴሎችን እንደ ባለታሪኮቹ አስቁሞ ፎቶ ካነሣ በኋላ፣ የእውነተኞቹን ሰዎች ፊት ቆርጦ በላያቸው ይለጥፍ ነበር። በ1925 የሀብታም ቤተሰብ ልጅ የሆነው ሊዮናርድ ራይንላንደር «ሚስቴ አሊስ የጥቁር ዘር እንዳለባት ደብቃኛለች» ብሎ ጋብቻው እንዲፈርስ ሲከስ፣ የአሊስ ገላ ለዳኞች እንዲታይ ተደረገ፤ ይህም የሆነው ጋዜጠኞች በሌሉበት፣ በዝግ ክፍል ነበር። «ግራፊክ» ግን ትዕይንቱን በሞዴል አስመስሎ ሠርቶ አወጣው። ዳኞቹ በመጨረሻ ለአሊስ ፈረዱላት። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤት ከሕዝብ ዓይን የከለለላትን ውርደት ጋዜጣው ለገበያ አቅርቦታል፤ ይህም በእኔ እምነት ከማንኛውም ተራ ሐሜት የከፋ ግፍ ነው፤ የቅሌት መጽሔት ምንነትም ከዚህ ሥራ ይልቅ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ የለም።

ሁለተኛው ትምህርት ቤቱ ከመጀመሪያው ፈጽሞ የተለየ ነበር። ሃሪሰን «ሞሽን ፒክቸር ሄራልድ» የተባለውን የፊልም ንግድ መጽሔት ለሚያሳትመው ለማርቲን ኩዊግሌይ ተቀጠረ። ኩዊግሌይ አጥባቂ ካቶሊክ ሲሆን፣ ሆሊውድ በ1930 የተቀበለውን የፊልም ሥነ ምግባር ደንብ ካረቀቁት ሰዎች አንዱ ነበር። የሆሊውድን አሠራር ለመማር፣ ፊልሞቹ ስለሚያሳዩት ጨዋነትና ከጀርባ ስላለው ሕይወት ለማወቅ፣ ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሃሪሰን በ1941 የውስጥ ልብስ የለበሱ ሴቶችን ፎቶግራፍ የሚያወጣውን «ቢዩቲ ፓሬድ» ያዘጋጀውም በዚሁ ቢሮ፣ ማታ ማታ፣ ከአሠሪው ተደብቆ ነበር። ነገሩ ሲታወቅ ከሥራው ተባረረ። እርሱ ግን በእህቶቹ እርዳታ ቀጥሎ «አይፉል» እና «ዊንክ»ን የመሳሰሉ ተመሳሳይ መጽሔቶችን ጨመረ። በእነዚህ መጽሔቶች ፎቶው እንደ አጭር ድራማ በተከታታይ ትዕይንት ይቀርብ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም አሳታሚው ራሱ ከሞዴሎቹ ጋር ይተውን ነበር።

በ1950ዎቹ መግቢያ የእነዚህ መጽሔቶች ገበያ ቀዘቀዘ። በዚያው ሰሞን የሴናተር ኬፎቨር ኮሚቴ ስለ ተደራጀ ወንጀል ያካሄደው ምርመራ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ሕዝቡ ከስክሪኑ አልነቀል አለ፤ ሃሪሰንም ሰዎች በስም የተጠሩበትን ምስጢር ለመስማት ምን ያህል እንደሚጓጉ ከዚያ ተረዳ።

«ኮንፊደንሻል» መጀመሪያ ላይ ብዙ አልተሸጠም። ያነሣው የቀድሞው የ«ግራፊክ» ዓምደኛ ዋልተር ዊንቼል ነው። ዘፋኟ ጆሴፊን ቤከር በ1951 በአንድ የኒው ዮርክ ክለብ በቀለሟ ምክንያት መስተንግዶ እንደተነፈገች ገልጻ፣ በቦታው የነበረውን ዊንቼልንም ወቅሳ ነበር። ሃሪሰን በ1953 መጀመሪያ ላይ ለዊንቼል የሚወግን ጽሑፍ አወጣ፤ ዊንቼልም በምላሹ መጽሔቱን ለሰፊው አድማጭና ተመልካቹ አስተዋወቀለት። በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ኅትመቱ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሆነ።