ቪሲንክ ምንድን ነው?

ቪሲንክ ማለት አዲስ ምስል ለስክሪን የሚቀርብበትን ቅጽበት ስክሪኑ ራሱን ከሚያድስበት ዑደት ጋር ማናበብ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ያለ አንድ ካፌ ራዝቤሪ ፓይ በተባለ ባለ አንድ ቦርድ ትንሽ ኮምፒውተር በሚሠራ ስክሪን ላይ በትልልቅ ፊደላት ከቀኝ ወደ ግራ የሚያልፍ ማስታወቂያ ያሳያል እንበል። ቪሲንክ ከሌለ ፊደላቱ አልፎ አልፎ ወገባቸው ላይ ይቆረጡና እግራቸው ቀድሞ ራሳቸው ወደ ኋላ ይቀራል። ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው የመብራቱ መዋዠቅ ወይም የኤችዲኤምአይ ገመዱ ቢሆንም፣ እንዲህ ያለውን ስንጥቅ የሚያመጣው የጊዜ አለመገጣጠም ነው።

የቦርዱ ዲስፕሌይ ኮንትሮለር ማህደረ ትውስታ ውስጥ ያለውን ምስል ከላይ ወደ ታች፣ መስመር በመስመር እያነበበ ወደ ስክሪኑ ይልካል፤ በ60 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 60 ዙር፣ አንዱ ዙር 16.67 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ፕሮግራሙ ንባቡ ሳያልቅ ምስሉን ከለወጠው የላይኛው ክፍል ከአሮጌው፣ የታችኛው ደግሞ ከአዲሱ ፍሬም (አንድ ሙሉ ምስል) ይሆናል። ይሁን እንጂ በሁለት ዙሮች መካከል ምስል የማይላክበት አጭር ክፍተት አለ፤ በተለመደው የ1920 በ1080 አሠራር ከጠቅላላው 1125 መስመሮች 45ቱ ባዶ ስለሆኑ ክፍተቱ 0.67 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። አንድ ፒክሰል 4 ባይት ሲይዝ ሙሉ ፍሬም 8.3 ሜጋባይት ይደርሳልና፣ ይህን ሁሉ በዚያች ክፍተት ለመገልበጥ ከመሯሯጥ ሁለት ባፈር (ምስል የሚቀመጥበት የማህደረ ትውስታ ቦታ) ማዘጋጀት ይሻላል፤ አንዱ ሲታይ ሌላው ይሣላል፣ ክፍተቱ ሲደርስም ኮንትሮለሩ የሚያነብበት አድራሻ ብቻ ይለወጣል።

ፕሮግራሙ በራሱ ሰዓት 16.67 ሚሊሰከንድ እየቆጠረ ቢሥል አይበቃም ወይ የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይነሣል። አይበቃም። 60 ኸርዝ የተባለው ስክሪን በእርግጥ 59.94 ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ልዩነት ብቻ ስንጥቁ በ17 ሰከንድ ገደማ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር እየተንሸራተተ ያዳርሰዋል። ስለዚህ ሰዓቱን መናገር ያለበት ሃርድዌሩ ነው። በዛሬው ሊኑክስ ይህን የሚያስተናግደው ኬኤምኤስ የተባለው የከርነሉ (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ክፍል ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ባፈሩ እንዲቀየር ይጠይቃል፣ ድራይቨሩም (ሃርድዌሩን የሚያዘው ፕሮግራም) ክፍተቱን ጠብቆ ከቀየረ በኋላ መፈጸሙን ያሳውቃል። ፕሮግራሙ በቀጥታ የምስሉ ማህደረ ትውስታ ላይ በሚጽፍበት በአሮጌው የፍሬምባፈር መንገድ ግን አንዳንዱ ድራይቨር ክፍተቱን መጠበቅን ይደግፋል፣ አንዳንዱ አይደግፍም። ኤስፒአይ በተባለው፣ መረጃን ቢት በቢት በሚልክ መገናኛ የሚያያዙት ትንንሽ ስክሪኖች ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው፤ 320 በ240 የሆነ ባለ 16 ቢት ምስል በ32 ሜጋኸርዝ ለመላክ ብቻ 38 ሚሊሰከንድ ስለሚወስድ፣ በእነርሱ ላይ 60 ፍሬም መጠበቅ ከንቱ ነው።

ቪሲንክ ያለ ዋጋ አይገኝም። አንድ ፍሬም ለመሣል 17 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ክፍተቱ ለጥቂት ያመልጠዋል፤ የሚቀጥለውን መጠበቅ ስላለበትም በሁለት ባፈር የሚሠራ ፕሮግራም ከ60 ወደ 58 ሳይሆን በቀጥታ ወደ 30 ይወርዳል። ድሬዳዋ ላይ ይህ ተራ ነገር አይደለም፤ ራዝቤሪ ፓይ 4 የፕሮሰሰሩ ሙቀት 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ፍጥነቱን መቀነስ ስለሚጀምር፣ በተዘጋ የብረት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ቦርድ ጠዋት ለስላሳ የነበረውን እንቅስቃሴ በቀትር ሊያንገጫግጨው ይችላል። ከፍ ባለችውና ነፋሻማዋ ሐረር የተሞከረ ሥራ ድሬዳዋ ወርዶ እንዲህ ቢያደርግ ኮዱን ከመፈተሽ በፊት ሙቀቱን መለካት ይቀድማል። ሦስተኛ ባፈር መጨመር መውረዱን ያለዝበዋል፤ ነገር ግን ተጨማሪ 8.3 ሜጋባይት ይበላል፣ በንክኪ ስክሪን ላይም ምላሹን ሊያዘገይ ይችላል። በእኔ ግምት ምስሉን ማቅለልና ሳጥኑን ማናፈስ ይመረጣል።

ቪሲንክ የማይፈታው አንድ ችግር አለ። በሰከንድ 25 ፍሬም ያለው ቪዲዮ በ60 ኸርዝ ስክሪን ሲታይ አንዳንዱ ፍሬም ለሁለት ዙር፣ ሌላው ለሦስት ዙር ስለሚቆይ፣ ስንጥቅ ባይኖርም እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል። ስክሪኑ 50 ኸርዝ የሚቀበል ከሆነ ወደዚያው መቀየር ይበቃል፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ፍሬም እኩል ሁለት ዙር ያገኛል።