ስለ ፖሊዮ በየሰፈሩ የሚወራውና እውነታው

የፖሊዮ ዘመቻ በተጠራ ቁጥር ወሬውም አብሮ ይመጣል። ባለሙያዋ የክትባት ሳጥኗን አንግታ በር ስታንኳኳ ከውስጥ የምትሰማቸውን መልሶች ብዙዎቻችን እናውቃቸዋለን። ገሚሱ ተራ ስህተት ነው። ገሚሱ ግን ቅንጣት እውነት አለበት፤ አስቸጋሪውም እሱ ነው።

«ምች መትቶት ነው»

ልጁ ማታ ያተኩሰው ነበር። ጠዋት ሲነሳ አንድ እግሩ አልታዘዝ አለው። ምች ነው፣ መጋኛ ነው፣ ዓይን ነው ይባላል። የሆነው ግን ሌላ ነው። የፖሊዮ ቫይረስ በብዛት የሚገባው በአፍ ነው፤ በዓይነ ምድር በተበከለ ውሃ፣ ምግብ ወይም እጅ። ጉሮሮና አንጀት ውስጥ ይራባና ወደ ደም ይዘልቃል። ጥቂት ሰዎች ላይ ደግሞ ወደ ሕብለ ሰረሰር ይሻገርና ጡንቻን የሚያዝዙትን የነርቭ ሕዋሳት ይገድላል። አዛዥ ያጣ ጡንቻ ይላላል፤ እየቆየም ይቀጥናል። ልጁን እግሩን ብትነኩት ግን ይሰማዋል፤ የስሜት ነርቮቹ አልተነኩማ። ብዙ ጊዜ አንዱ እግር ከሌላው ብሶ ይጎዳል። የመተንፈሻ ጡንቻዎች ከተመቱ ደግሞ ለሞት ያደርሳል። ልምሻ ከሚይዛቸው 100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት የሚሞቱት በዚህ ነው።

«ወጌሻ ቢያሸው ይመለሳል»

የሞተ የነርቭ ሕዋስ አይተካም። በመጀመሪያዎቹ ወራት አንዳንድ ልጆች የተወሰነ ጉልበት ያገኛሉ፤ የተጎዱ ግን ያልሞቱ ሕዋሳት ስለሚያገግሙ ነው። ምስጋናው ለወጌሻው ይሄዳል። ፊዚዮቴራፒ፣ የእግር ድጋፍና ቀዶ ሕክምና መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ፣ ልጁም እንዲራመድ በጣም ይረዳሉ። በሽታውን የሚያድን መድኃኒት ግን የለም። ነገሩ በልጅነት የሚያበቃም አይደለም። ከ15 እስከ 40 ዓመት ቆይቶ ድካም፣ ሕመምና አዲስ የጡንቻ መድከም የሚጀምራቸው ብዙ ናቸው። የተረፉት ነርቮች ለዓመታት የሟቾቹንም ሥራ ሲሠሩ ኖረው ይዝላሉ።

«መርፌ ነው ያሽመደመደው»

እዚህ ላይ የሰፈሩ ወሬ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። መቀመጫ ላይ ያለ ቦታው የተወጋ መርፌ ትልቁን የእግር ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ሌላም አለ። ቫይረሱ ቀድሞ ሰውነት ውስጥ ከገባ፣ ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ የዚያን እግር የመልመሻ ዕድል እንደሚጨምር ይታወቃል። ስለዚህ ላተኮሰው ልጅ ሁሉ «መርፌ ይወጋልኝ» ብሎ መወትወት ጥሩ ልማድ አይደለም። መከላከያው ግን ቫይረሱ ሳይቀድም መከተብ ነው። የፖሊዮ መርፌ ክትባት ውስጥ ያለው ቫይረስ የሞተ ስለሆነ ልምሻ ማምጣት አይችልም።

«እኛ ሰፈር ማንም አልታመመም»

በኔ እምነት ከሁሉም የሚጎዳን ይሄኛው ነው። ቫይረሱ ከገባባቸው 100 ሰዎች ወደ 70 የሚሆኑት ምንም ምልክት አይታይባቸውም። ወደ 25 የሚጠጉት ጉንፋን የመሰለ ነገር አሟቸው ይድናሉ። ልምሻ የሚይዘው በግምት ከ200 አንዱን ነው። ሁሉም ግን ቫይረሱን ለሳምንታት በዓይነ ምድራቸው ያስወጣሉ። አንድ ልጅ እግሩ ሲላላ ዙሪያው ብዙ ልጆች ቫይረሱን ይዘው እየተጫወቱ ነው ማለት ነው።

ውጭ አገር ያላችሁም «እዚህ ፖሊዮ የለም» አትበሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የለንደን ፍሳሽ ውስጥ ቫይረሱ ተገኝቷል። በዚያው ዓመት ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ አንድ ያልተከተበ ወጣት ልምሻ ያዘው። ልብ በሉ፣ ሕጻን አልነበረም።

«መካን ያደርጋል»

ይህ ወሬ ዋጋ አስከፍሏል፤ ለእኛም ደርሶናል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሰሜን ናይጄሪያ፣ በተለይ ካኖ ውስጥ፣ ክትባቱ ሴቶችን ያመክናል ተብሎ ዘመቻው ለወራት ቆመ። ቫይረሱ ከዚያ ተነስቶ በቻድ በኩል ሱዳን ገባ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2001 ጀምሮ ንጹሕ የነበረችው ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ከሱዳን ተሻግሮ በመጣ ፖሊዮ ተያዘች። ካኖ የተነሳ ወሬ የኢትዮጵያን ልጆች እግር በላ። በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በዓለም ላይ ሲሰጥ ኖሯል። በልጅነታቸው የወሰዱት ዛሬ አያት ሆነዋል።

«ክትባቱ ራሱ ፖሊዮ ያመጣል»

ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ጠብታው ውስጥ ያለው ቫይረስ የተዳከመ እንጂ የሞተ አይደለም። በ2.7 ሚሊዮን የመጀመሪያ ጠብታዎች አንድ ገደማ ልምሻ ሊያመጣ ይችላል። ሁለተኛው ችግር ሰፋ ይላል። ብዙ ልጅ ሳይከተብ በቀረበት አካባቢ የተዳከመው ቫይረስ ካንዱ ወደ ሌላው ለረጅም ጊዜ ሲዘዋወር ተለውጦ ኃይሉን ሊመልስ ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ የተፈጥሮው ቫይረስ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2014 ሶማሌ ክልል ነው። ከዚያ ወዲህ ያስቸገረን ይህ የተለወጠው ነው። የኒውዮርኩም እሱ ነበር። መንገድ የሚያገኘው ያልተከተበ ልጅ ሲበዛ ነው። ጠብታውን እምቢ ባልን ቁጥር የምንፈራውን ነገር እናግዘዋለን። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮም እንደ ድሮው በቀላሉ የማይለወጥ አዲስ ጠብታ ሥራ ላይ ውሏል።

«ባለፈው ወስዷል፣ አሁን ደግሞ ለምን?»

በመደበኛው ፕሮግራም ጠብታው ሲወለድ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። በ14ኛው ሳምንት መርፌውም አለ። ተቅማጥና የአንጀት ተሕዋስ በሚበዛበት አገር አንድ ጠብታ ሁልጊዜ አይዝም፤ ዘመቻው የሚደጋገመው ለዚህ ነው። ተጨማሪ ጠብታ አይጎዳም። ቀላል ጉንፋን ወይም ተቅማጥም ክትባት አያስቀርም።

«ፀሐይ ላይ ውሎ ተበላሽቷል» የሚል ካለ ብልቃጡን አሳዩኝ ይበል። ክብ ውስጥ የተቀመጠች ትንሽ ካሬ አለች። ካሬዋ ከክቡ ከነጣች ክትባቱ ደህና ነው። ሙቀት ሲያገኘው እየጠቆረች ትሄዳለች። ክቡን ከመሰለች ወይም ከሱ ከጠቆረች ይጣላል። ባለሙያዋ ጠብታውን ሰጥታ የልጁን ጣት በቀለም ምልክት ታደርጋለች፤ ቤት የቀረ ልጅ እንዲለይ ነው።

ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እጁ ወይም እግሩ በድንገት ከላላ፣ የታመመው በምንም ይመስላችሁ፣ ያኑ ቀን ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ለጤና ጣቢያ ተናገሩ። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ልዩነት ሁለት የሰገራ ናሙና ይወሰዳል። ሁለቱም ልምሻው በጀመረ በ14 ቀን ውስጥ መወሰድ አለባቸው፤ ከዚያ በኋላ ቫይረሱ ቢኖርም የመገኘት ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል።