«አንድ መጠጥ» ስንት ነው?

«ቢራ እኮ መጠጥ አይባልም» የሚለው ነገር እዚህ ስለተደጋገመ ልጻፈው። የጤና ባለሙያዎች «አንድ መጠጥ» ሲሉ የሚቆጥሩት ብርጭቆውን ሳይሆን ውስጡ ያለውን ንጹሕ አልኮል ነው። 330 ሚሊ ሊትር ቢራ አልኮሉ 5 ፐርሰንት ከሆነ 13 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮል አለው። 40 ሚሊ ሊትር አረቄ ደግሞ፣ 40 ፐርሰንት ከሆነ፣ ያው 13 ገደማ ነው። ስለዚህ «ቀለል ያለ ይሻለኛል» ብሎ ሦስት ቢራ የጨረሰ ሰው፣ ሦስት መለኪያ አረቄ ከጨረሰው ጋር እኩል ነው (ቢራው ሆድ ስለሚሞላ ብቻ አይመስለውም)። ይሄ ሂሳብ የትም አይለወጥም።

የሚለያየው የየአገሩ መስፈርት ነው። አሜሪካ አንዱን 14 ግራም ስትል እንግሊዝ 8 ትላለች፤ ዩቲዩብ ላይ «በሳምንት ይሄን ያህል» ሲባል የየት አገር ቁጥር እንደሆነ እዩ። የቤት ጠላና ጠጅ ግን ፐርሰንት አልተጻፈባቸውም፣ እንደ ጠማቂው ይለያያሉ፣ በብርሌ ቁጥር ማስላት አይሞከርም።