«ፊቱን 70 ላይ አድርሰው» እና ሌሎች የካሜራ ምክሮች፦ የሚባለውና እውነታው

የሠርግ ቪዲዮ የሚሠሩ ልጆች ሰብሰብ ባሉበት ሁሉ አንዱ ለአንዱ የሚያቀብለው ሴቲንግ አይጠፋም። ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም። አብዛኛው ከውጭ ዩቲዩብ የተቀዳ ነው። እዚያ ይሠራል። የተሠራው ግን ለሌላ ቆዳ፣ ለሌላ ልብስና ለሌላ መብራት ነው።

«ዜብራውን 70 አድርግና ፊቱ ላይ እስኪታይ አይሪሱን ክፈት»

ይሄኛው ብዙ ሠርግ አበላሽቷል። ዜብራ የተወሰነ የብርሃን ደረጃ ላይ የደረሰውን የምስል ክፍል በሰያፍ መስመር የሚያሳይ ነገር ነው፤ 70 ማለት ከሙሉ ነጭ 70 በመቶ ማለት ነው። አይሪስ ደግሞ ሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ነው። የ70ው ልማድ የሚሠራው ፈካ ላለ የፈረንጅ ቆዳ ነው።

ነጭ ጨርቅ ከሚያርፍበት ብርሃን 90 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። የፈረንጅ ቆዳ 35 በመቶ ገደማ ይመልሳል። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ 10 በመቶ አካባቢ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በፈረንጇ ሙሽራ ፊትና በቬሎዋ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ስቶፕ ተኩል እንኳ አይሞላም (አንድ ስቶፕ ብርሃኑ በእጥፍ ሲጨምር ወይም በግማሽ ሲቀንስ ነው)። በእኛዋ ሙሽራ ግን ሦስት ስቶፕ ሊደርስ ይችላል። ፊቷን ጎትታችሁ 70 ላይ ስታደርሱት ቬሎው ይቃጠላል። የሐበሻ ቀሚስ ከሆነ ሸማው ሙልጭ ብሎ ይነጣና ጥለቱ ብቻውን አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የተቃጠለ ነጭ ደግሞ ኤዲት ላይ አይመለስም።

በተለመደው የቴሌቪዥን ምስል፣ ማለትም በሬክ 709፣ ጠይም ፊት ከ40 እስከ 55 ባለው ውስጥ ቢያርፍ ጤነኛ ነው። ጠቆር ካለ ዝቅ ይበል፤ ችግር የለውም። ጨርቁን የሚጠብቅ ሌላ ዜብራ ያስፈልጋል። ብዙ ፕሮፌሽናል ካሜራዎች ሁለት ዜብራ አላቸው። ሁለተኛውን 95 ወይም 100 ላይ አድርጋችሁ ልብሱን ተከታተሉበት። ፊቱ አሁንም ጨለመ? አይሪሱን ተዉትና ሰውየውን አዙሩት። ጠቆር ያለ ቆዳ የሚያምረው ከጎን ሰፊ ብርሃን ሲያርፍበት ነው። ትልቅ መስኮት ወይም ፀሐይ የመታው ነጭ ግድግዳ አጠገብ አቁሙት፤ ግንባሩና ጉንጩ ራሱ ያበራል።

የዚህ ተቃራኒ አውቶ አይሪስ ነው። ጥምቀት ላይ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው «ብርሃን በዛ» ብሎ ይዘጋል። ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱ ደግሞ ጥቁር ይሆናል። ካሜራው እኮ ማንን ልትቀርጹ እንደመጣችሁ አያውቅም።

«ሻተር ሁልጊዜ 1/60 ነው»

ሻተር እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ ነው፤ 1/60 ማለት የሰከንድ አንድ ስልሳኛ። ምክሩ አሜሪካ ውስጥ ትክክል ነው፤ የመብራት ኃይላቸው 60 ኸርዝ ነው። የእኛ 50 ነው። 50 ኸርዝ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላል። በ1/60 ስትቀርጹ ምስሉ ላይ የሚንከባለል ጥላ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። በተለይ በፍሎረሰንትና በርካሽ ኤልኢዲ ይብሳል። እዚህ 25 ፍሬም፣ ሻተር 1/50 ወይም 1/100። ከዋሽንግተን ካሜራ ይዞ የዘመድ ሠርግ ሊቀርጽ የመጣ ሰው አዳራሽ ከመግባቱ በፊት ሜኑውን ከኤንቲኤስሲ (ከአሜሪካው ሥርዓት) ወደ ፓል (ለ50 ኸርዝ አገር ወደሚሆነው) ይቀይር።

ከመድረኩ ጀርባ የሚቆመው ኤልኢዲ ስክሪን ግን የራሱ ፍጥነት ስላለው 1/50ም ላያድን ይችላል። ሶኒ ኢሲኤስ፣ ካነን ክሊር ስካን የሚሉት ማስተካከያ የተሠራው ለዚህ ነው። ሻተሩን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሳችሁ መስመሩ እስኪጠፋ ትፈልጋላችሁ። መብራት ጠፍቶ ጄነሬተር ሲነሳም እንደገና እዩት። ጭነት ሲበዛበት ፍጥነቱ ይዋዥቃል።

«ሰፊ ሌንስ አፍንጫ ያሳብጣል፣ ረጅም ሌንስ ያሳምራል»

አፍንጫ የሚያሳብጠው ቅርበት ነው። በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ፊት ልሙላ ካላችሁ 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ድረስ መጠጋት ግድ ነው። ከዚያ ርቀት አፍንጫው ከጆሮው ይልቅ ለካሜራው በጣም ቅርብ ስለሆነ ይገዝፋል። በ85 ያንኑ ፍሬም ለማግኘት አንድ ሜትር ከሩብ ያህል ትርቃላችሁ፤ ልዩነቱ በጣም ይቀንሳል። 24ቱን እዚያው አንድ ሜትር ከሩብ ላይ አቁማችሁ መሐሉን ብትቆርጡት የፊቱ ቅርጽ ከ85ቱ ጋር አንድ ነው፤ ጥራቱ ብቻ ይቀንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የት እንደምትቆሙ ወስኑ። ሌንሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

«1.4 ከገዛህ ሁሌም 1.4 ላይ ቅረጽ»

1.4 የአይሪሱ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። ባክግራውንዱ ሲጠፋ ደስ ይላል፤ አልክድም። ሒሳቡን ግን እዩት። ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ላይ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ርቀቱ ሁለት ሜትር፣ አይሪሱ 1.4። ፎከስ ውስጥ የሚሆነው ከፊት እስከ ኋላ 5 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሙሽራው ከሙሽሪት ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ካለ ደብዝዟል። 4 ላይ ስታደርጉት ወደ 13 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ቀለበት ሲያስሩ፣ ኬክ ሲቆርሱ፣ ሽማግሌ ሲመርቅ፣ ሁለት ፊት እኩል ጥርት እንዲል የምትፈልጉበት ቦታ ሁሉ ዝጉት። ቀትር ላይ 1.4 መጠቀም የፈለገ ደግሞ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት) ይያዝ እንጂ ሻተሩን 1/2000 አያድርገው። እስክስታው ቁርጥርጥ ይላል።

«ዙም ግባ፣ ፎከስ አድርግ፣ ተመለስ»

የቴሌቪዥን ጣቢያ ካሜራ ላይ ላደገ ሰው ይሄ ሃይማኖት ነው። በዚያ ሌንስ ላይ ልክም ነው። የጣቢያ ዙም ሌንሶች ዙሙ ቢቀየርም ፎከሱን እንዲይዙ ሆነው ነው የሚሠሩት። የፎቶ ዙም ሌንሶች ግን አብዛኞቹ እንዲህ አይደሉም። 70 ላይ ጥርት ያደረጋችሁት 24 ላይ ስትመለሱ ሊሸሽ ይችላል። በትንሹ የካሜራ ስክሪን አይታወቅም፤ ቤት ሲደርሱ ነው የሚታየው። በፎቶ ሌንስ የምትቀርጹ ከሆነ በምትቀርጹበት ዙም ላይ ፎከስ አድርጉ።

የጣቢያ ሌንስም ቢሆን ባክ ፎከሱ (በሌንሱና በሴንሰሩ መካከል ያለው ርቀት ማስተካከያ) ከተዛባ እንዲሁ ያደርጋል። ዙም ሲገባ ጥርት፣ ሲወጣ ድብዝዝ ካለ «ሌንሱ ሞቷል» ብላችሁ አትሽጡት። አይሪሱን ሙሉ ክፈቱ። ዙም ገብታችሁ በፎከስ ቀለበቱ አጥሩ። ዙም ወጥታችሁ በባክ ፎከስ ቀለበቱ አጥሩ። ሁለቱም እስኪስማሙ ደጋግሙት።

«ሎግ ካልቀረጽክ ፕሮፌሽናል አይደለህም»

ሎግ ብዙ ብርሃንና ጥላ አጭቆ የሚይዝ ያልበሰለ ምስል ነው። የሚያበስለው ኤዲተሩ ነው። ሠርጉ ቅዳሜ ሆኖ ክሊፑ ለመልሱ ከተፈለገ ለግሬዲንግ (ቀለሙን ለማስተካከል) ጊዜ ማን አለው? በተለይ ካሜራው ባለ 8 ቢት ከሆነ አይሞከርም። 8 ቢት ለአንድ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ይሰጣል፤ 10 ቢት 1024። በ8 ቢት የተቀረጸ ሎግ ሲጎተት ሰማዩ ላይ የቀለም እርከን ያወጣል። እንደ ሶኒ ኤስ-ሲኔቶን ያለ ያለቀ ፕሮፋይል ብትጠቀሙ ደንበኛው አይቀየምም። ሎግ ከመረጣችሁ ደግሞ ከላይ ያልኳቸው የዜብራ ቁጥሮች እንደማይሠሩ አትርሱ።

«አይኤስኦ ባነሰ ቁጥር ምስሉ ይጠራል»

አይኤስኦ ካሜራው ምስሉን ለማብራት የሚጠቀምበት የስሜት መጠን ነው። ምክሩ ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ሶኒ ኤፍኤክስ6 በኤስ-ሎግ3 (በሶኒ ሎግ) ሁለት መነሻ፣ ማለትም ምስሉ የሚጠራበት ሁለት ቁጥር አለው፦ 800 እና 12,800። ከታችኛው መነሻ ተነስታችሁ 6400 ብትደርሱ ኖይዙ (ምስሉ ላይ የሚርመሰመሰው ነጠብጣብ) ከ12,800ው ይበዛል። የካሜራችሁን መነሻ ቁጥር እወቁ።

«ነጠላ ነጭ ስለሆነ ዋይት ባላንስ አድርግበት»

ዋይት ባላንስ ለካሜራው ነጭ የቱ እንደሆነ ማሳወቅ ነው። ነጠላው ግን ወይ ክሬም ነው፣ ወይ ሳሙናው ውስጥ ያለው ማንጪያ ሰማያዊ አድርጎታል። ግራጫ ካርድ ይሻላል። አውቶም አያዋጣም። ተክሊል ላይ ሻማ፣ መስኮትና አምፖል ሲቀላቀሉ ካሜራው በየደቂቃው ሐሳቡን ይቀያይራል። ፊት ላይ የሚያርፈውን ብርሃን መርጣችሁ ቆልፉት። ሻማው ብርቱካናማ ቢሆን ሻማ ነው፤ ይሁን።