ኮባን፦ የቶኪዮ የሰፈር ፖሊስ ቤት

ቶኪዮ ውስጥ ከባቡር ጣቢያ ስትወጡ፣ በሯ ላይ ቀይ መብራት ያለባት ትንሽ ቤት ማየታችሁ አይቀርም። ኮባን ትባላለች። ውስጧ ጠረጴዛ፣ ስልክ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የሰፈር ካርታና ሁለት ሦስት ፖሊሶች አሉ። ከጓዳ በኩል አረፍ የሚሉባት ክፍል ትኖራለች። ቶኪዮ ብቻ ከ800 በላይ ኮባኖች አሏት፤ በመላው ጃፓን ደግሞ ከ6 ሺህ ይበልጣሉ።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። የቶኪዮ ፖሊስ የተቋቋመውም በዚያው ዓመት ነው። መጀመሪያ ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። ፖሊሶች መስቀለኛ መንገድ ላይ እየተፈራረቁ ይቆሙ ነበር። ስሙም የመጣው ከዚህ ነው፤ “ኮባን” ማለት ተራ ገብቶ መጠበቅ ማለት ነው። እኛ ሮንድ ከምንለው ብዙም አይርቅም። ቤቶቹ ቀስ በቀስ ተሠሩ፣ ኦፊሴላዊ ስማቸውም ሌላ ሆነ። ሕዝቡ ግን ኮባን ማለቱን አልተወም። እ.ኤ.አ. በ1994 ሕጉ ራሱ ሕዝቡ የሚጠራበትን ስም ተቀበለ።

ታዲያ እዚያ የተቀመጠ ፖሊስ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል? ሌባ ከማሳደድ ይልቅ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ያሳያል። የቶኪዮ መንገዶች አብዛኞቹ ስም የላቸውም። አድራሻ የሚነገረው በሰፈርና በብሎክ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ “ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ” እያለ ያደገ ሰው ችግሩ ይገባዋል።

ሁለተኛው ሥራ የጠፋ ዕቃ መቀበል ነው። ቦርሳ፣ ሞባይል፣ ጃንጥላ፣ ጥሬ ገንዘብ ሳይቀር ወደ ኮባን ይመጣል። ባለቤቱ ሲገኝ ላገኘለት ሰው ከዕቃው ዋጋ ከ5 እስከ 20 በመቶ ወሮታ ይከፍላል። በሦስት ወር ውስጥ ማንም ካልመጣ፣ ገንዘቡ በሕግ ለአግኚው ይሰጣል። አንድ ልጅ መንገድ ላይ ያገኛትን ሳንቲም ይዞ ቢመጣ እንኳ ፖሊሱ ቁጭ ብሎ ይመዘግብለታል። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ልጁ ገና በጠዋቱ ፖሊስን የሚያውቀው በዱላ ሳይሆን በደብተርና በእስክሪብቶ ነው። ቦርሳው ጠፍቶበት የቤቱ መሳፈሪያ ያጣ ሰውም ትንሽ ብር ይበደራል። ቶኪዮ ውስጥ ልኩ 1 ሺህ የን ገደማ ነው፤ በኋላ ይመልሳል።

ፖሊሶቹ ቤት ለቤትም ይዞራሉ። በቤቱ ማን እንደሚኖር፣ አደጋ ቢደርስ ለማን እንደሚደወል ካርድ ላይ ይጽፋሉ። የመሬት መንቀጥቀጥ በማይለየው አገር፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት በበዙበት ከተማ፣ ይህ ዋጋ አለው። ካርዱን መሙላት ግዴታ አይደለም። ፖሊስ የቤቴን ጉዳይ ምን አገባው የሚሉም አሉ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የጃፓን ፖሊስ ተጠርጣሪን ክስ ሳይመሠረትበት እስከ 23 ቀን ማቆየት ይችላል፤ በዚህም በብርቱ ይተቻል። የኮባን ፈገግታ ይህን መሸፈን የለበትም።

ገጠር ሲወጣ መልኩ ይለወጣል። ቹዛይሾ በሚባለው ቤት ፖሊሱ ከነቤተሰቡ ይኖራል። እሱ ለዙረት ሲወጣ እንግዳ የምትቀበለው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ናት፤ ለዚህም አበል ይከፈላታል።

ከተማ ውስጥ ግን የሰው ኃይል ያጥራል። ፖሊሶቹ ሁሉም ለዙረት ሲወጡ ባዶ የሚቀር ኮባን ነዋሪውን ያስከፋል። ስለዚህ ጡረታ የወጡ ፖሊሶች በአማካሪነት ተመልሰው ይቀመጣሉ። በሩ ለሁሉም ክፍት መሆኑም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 ቶያማ በተባለች የጃፓን ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ኮባን ገብቶ ፖሊስ ገድሎ ሽጉጡን ወስዷል።

አሠራሩን ሌሎች አገሮችም ወስደዋል። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1983 ጀመረች። የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎም ከጃፓን ፖሊሶች ጋር ሠርታበታለች። ሲንጋፖር በኋላ ትንንሾቹን ቤቶች ሰብሰብ አድርጋ ወደ ትልልቅ የሰፈር ፖሊስ ማዕከላት አዙራለች። ቶኪዮ ግን ዛሬም በትንሿ ቤት እንደጸናች ነው።